የአባባ ካፖርት

ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሞ የአልጋ ልብስ መስፋት ነፍሷ ነው። አንድ ቀን ሳጥን ውስጥ ያገኘችውን አሮጌ የወታደር ካፖርት ቆራርጣ ለሕፃን ልጇ የአልጋ ልብስ ሰፋችለት። ባሏ ሲያየው ክው አለ።

«የአባባ የጦር ሜዳ ካፖርት እኮ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሰው አስነክተውት አያውቁም።»

እንዳትደብቀው ሕፃኑ ለብሶት ተኝቷል። ወዲያው አማቷ ሻምበል መንገሻ በከዘራቸው መሬቱን እያንኳኩ ገቡና አልጋው አጠገብ ቆሙ። ጨርቁን በጣታቸው ዳበሱት።

«አላወቅሁም አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች።

ሻምበል ወደ መኝታ ቤታቸው ሄዱ። መሳቢያ ሲከፈት ተሰማ። ባሏ ሊከልላት መጥቶ ከፊቷ ቆመ። ሻምበል የታጠፈ የወታደር ሱሪ ይዘው ተመለሱ።

«ይኼንንም ቁረጪው ልጄ» አሏት። «በእግሩ በኩል አጥሮታል።»