አራተኛው ረከዓ

ልጄ ሙዘይን የምሽቱን የመግሪብ ሶላት እንዲያሰግድ ያደረግኩት ለክብሩ ብዬ አልነበረም፤ ጎኑ ቆሜ ልሰልለው ነው። የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ፣ የክለቡ ዋና ተከላካይ፣ «ጭንቅላቴን አሞኛል፣ ኳስ በቃኝ» ብሎ ሻንጣውን ይዞ ሐይቅ ከተማ፣ ቤታችን ከገባ ሦስት ወሩ ነው። እኔ ደግሞ የእህል ነጋዴ ነኝ። ከላይ ማኛ ጤፍ፣ ከሥሩ አሸዋ ስንቱን አይቻለሁ፤ ጆንያ ሳልወጋ ገዝቼ አላውቅም።

ገበያው የሚለውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ ከወጣ ዓመት አልሞላውም፤ አንዱ ዘመቻ ፈርቶ ነው ይላል፣ ሌላው ሴት አለች ይላል፣ ጨዋታ ሸጦ ተይዞ ነው የሚልም አልጠፋም። ሜዳ ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሁለት ጊዜ ራሱን ስቶ ወድቋል፣ ሦስተኛው ምት ሊገድለው ይችላል ብሎ ሐኪም ከለከለው የሚለውን ግን ከራሱ አፍ በቀር ከማንም አልሰማሁም። እንደ በሬ ይበላል። ትናንት ከውጫሌ የመጣውን ጭነት ብቻውን አራግፎታል። ይሄ ነው በሽተኛው?

የክለቡ ሰው ዝናው ከምሳ ሰዓት ጀምሮ በረንዳችን ላይ ተቀምጧል። የአዲሱን ዓመት ውል ይዞ መጥቷል፤ ዛሬ ካልተፈረመ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ሙዘይን እምቢ ሲለው እኔን ገለል አድርጎ፣ ልጅዎ እርስዎን እምቢ አይልም አለኝ። እውነቱን ነው፤ ብሎኝም አያውቅ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩና ከሶላት በኋላ ይፈርማል አልኩት።

ሙዘይን ፋቲሃውን ሲቀራ ድምፁ ያው የድሮው ነው። ሱጁድ ሲወርድ ግን ግንባሩን በቀስታ ያሳርፋል፣ ሲነሣም ትንሽ ቆየት ይላል። ለእኔ የተዘጋጀ ትርኢት መሰለኝ። አላህ ፊት ቆሜ ልጄን ስመረምር ነበር፤ እሱ ይቅር ይበለኝ።

መግሪብ ሦስት ረከዓ፣ ሦስት ዙር ስግደት ነው። ይህን ሙዘይን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ሦስተኛውን ጨርሶ በመቀመጥ ፈንታ ተነሥቶ ቆመ።

«ሱብሃነላህ» አልኩ። የሚያሰግድ ሰው ሲሳሳት የሚታረመው እንዲህ ነው። አልተቀመጠም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ከኋላችን እናቱ ሙሚና በሴቶቹ ደንብ እጇን አጨበጨበች፤ ከእሷም ጋር ተማክረው ነው ብዬ ጠረጠርኩ። በሩ ክፍት ነው፣ ዝናው ያያል፤ ለሱ ሲሉ ነው። እኔ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ልጄ አራተኛውን ለብቻው ሰገደ።

አሰላምቶ ሶላቱን ዘጋና ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ላይ የሚሸሽ ዓይን ወይም የታፈነ ሳቅ ፈለግኩ። ምንም የለም።

«አባ፣ ኢቃም በል እንጂ» አለኝ፤ ሶላት ሊጀመር ሲል የሚባለውን። «መግሪብ ሊያልፈን ነው።»

ሙሚና በሻሿ ጫፍ አፏን ያዘች። እኔ ተንበርክኬ ቀረሁ። ሙዘይን ገበያውን ሊዋሽ ይችላል፣ ክለቡንም እኔንም ሊዋሽ ይችላል፤ በሶላት ግን አይዋሽም። ያን ጊዜ ፈራሁ። ጥይት በጣራችን ላይ ሲያልፍ፣ እኔና ሙሚና መሬት ላይ በልባችን ተኝተን፣ እንዲህ አልፈራሁም ነበር።

ተነሥቼ ወጣሁና እስክሪብቶውን ለዝናው መለስኩለት።

«ጨረሳችሁ ጋሽ ኸሚስ?»

«ገና ነን። ልጄ አይፈርምም።»

ምን ተገኘ ብሎ ሲጠይቀኝ ወደ ቤት ተመለስኩ። ሙዘይን ምንጣፉ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፤ እንዳልሰገደ ሰው እጅጌውን ያስተካክላል።

«አሁን እኔ ላሰግድ» አልኩት።

እሺ ብሎ በቀኜ ቆመ። ሰገድን። ሦስተኛው ላይ ስንቀመጥ ጉልበቱ ሊነሣ ሲል ታወቀኝ። እጄን ጉልበቱ ላይ አኖርኩ፤ እስክናሰላምት ድረስ አላነሣሁትም።