ተርቦው አልቋል

የሮቤው መካኒክ ሚኪያስ ያን ሰሞን እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ልደትን ለትዳር እንዲጠይቁለት ጎባ የላካቸው ሽማግሌዎች «ስለ ልጁ አጣርተን ቅዳሜ እንመልሳለን» ተብለው መጥተዋል። አባቷን፣ አቶ ሮቤራን፣ በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም።

የፈራው ከመንገዱ ማዶ ያለውን መካኒክ ከሊልን ነው። አጣሪ ቢጠይቀው ስሙን ጥላሸት እንደሚቀባው አልተጠራጠረም። ሰው መቼም ሌላውንም በራሱ ልክ ነው የሚሰፋው።

ስለዚህ ሱፍ የለበሰ ሰው በጋራዡ ደጃፍ ባለፈ ቁጥር አጣሪው መስሎት ወንበር እየጠረገ ሻይ ያስመጣል። ሰኞ ለአንድ ባለ ሱፍ ጎማ በነጻ ለጠፈለት።

ማክሰኞ ጋቢያቸው ላይ የገብስ ገለባ የተጣበቀባቸው ሽማግሌ በፒካፕ መጡ። ለእሳቸው ሻይም ወንበርም አልቀረበም።

«አካም ጅርታ፣ ልጄ! የዲንሾን ዳገት ስጀምር መኪናው መብራት ያበራና ጉልበቱ ጥፍት ይላል።»

ሚኪያስ የግፊት መለኪያ ጌጁን ገጥሞ መኪናውን ነዳው። ተርቦው ወደ ሞተሩ የሚነፋው አየር ከልክ አልፏል። ኮፈኑን ከፈተ፤ ነገሩ ወዲያው ገባው። ትርፉን የሚያስተነፍሰውን በር የምታስከፍተው ቀጭን የጎማ ቱቦ ወልቃለች። መልሶ መሰካት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ራሱን በሐዘን ነቀነቀ። «ተርቦው አልቋል፣ አባቴ። በአዲስ ካልተቀየረ ሞተሩን ይበላዋል።»

«አዲሱን ከየት አመጣለሁ?»

«እኔ አለሁልዎት። ከሊል ጋ ብቻ እንዳይሄዱ፤ ሌባ ነው።»

ያንኑ ተርቦ ፈቶ፣ በቤንዚን አጥቦ፣ አብለጭልጮ መለሰው፤ ቱቦዋንም ሰካ። ሽማግሌው የአዲስ ተርቦ ሒሳብ ከፍለው፣ መርቀውት ሄዱ። ሚኪያስ ብቻውን ሲስቅ ዋለ።

ቅዳሜ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ በየነ፣ ከጎባ ተመለሱ። ፊታቸው ፍንጭ አይሰጥም።

«አቶ ሮቤራ ራሳቸው ሊያዩህ መጥተው ነበር አሉ። ማክሰኞ፣ በፒካፕ።»

ሚኪያስ በርጩማው ላይ ዘፍ አለ።

«ቱቦዋን የነቀሏት እሳቸው ናቸው» አሉ አቶ በየነ። «መጀመሪያ ከሊል ዘንድ ሄዱ። ሰክቶ በነጻ ሸኛቸው። ደግመው ነቀሉና ወዳንተ መጡ።»

«አለቀልኝ! ልደትን አጣኋት!»

«ምን ታጣለህ? ‹እንዲህ ያለ ነጋዴ ነው የምፈልገው› ብለው የመለዋወጫ ሱቅ ሊከፍቱልህ ነው፤ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። ይልቅ ያ ከሊል፣ ‹ሚኪያስ ሐቀኛ ሰው ነው› ብሎ መስክሮ ልጅቷን ሊያስከለክልህ ነበር።»