ያልበሰበሰው ቅጠል

መሪያም መቃብሩ ጫካ ውስጥ ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ተንበርክካ የረገፈ ቅጠል ትዝቃለች። ባሏ ኢስማዒል ከረጢት አንጠልጥሎ አጠገቧ ቆሟል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ዩሪያ ነው። ከመቃብሩ ጫካ አጥር ወዲያ ካለው የማዳበሪያ መጋዘን፣ ጆንያ ሲሸከም ከሚውልበት፣ የፈሰሰውን ጠርጎ ያመጣው ነው።

«ቶሎ በይ እንጂ፣ ፀሐዩ ሳይከርር እንሂድ።»

አትሰማውም። ከቅጠሉ በታች ኸባብ አለ፤ የደቻቱ ወንዝ ከሰዓት በኋላ በደረሰ ጎርፍ የነጠቃቸው አንድ ልጃቸው። የተቀበረ ዕለት አንድ ሽማግሌ፣ መቃብር ላይ ያለ ለምለም ነገር እስኪደርቅ ድረስ አላህን ያወድሳል፣ ለሟቹም ይቀልለታል ብለዋት ነበር። ሌላው ሰው ውሃ አጠጥቶ፣ ዱዓ አድርጎ ይሄዳል። ለመሪያም ግን ውሃ አልበቃትም። ለበቆሎ የሚበጅ ለልጄ ዛፍ ምን ይከለክለዋል አለች። ኢስማዒልስ እምቢ የሚልበት አንጀት ከየት ያምጣ?

መጀመሪያማ ዛፉ ጉድ አሰኝቶ ነበር። ቅጠሉ ጠቁሮ፣ ጥላው ሰፍቶ፣ ለቀብር የመጣ ሁሉ ማሻአላህ ይል ነበር። ከመጋዘኑ የሚነሳው ነጭ ብናኝም በነፋስ እየመጣ ጫካውን ሁሉ ያለብሰዋል። ዘንድሮ ግን ቁርቁራው ከጫፉ መድረቅ ጀምሯል፤ ያውም በኸባብ ራስጌ በኩል። መሪያም ይህን ካየች ወዲህ እህል አይወርድላትም።

«እስቲ እይ» ትለዋለች። «ይሄ የዘንድሮ ቅጠል ነው። ከሥሩ ያለው የአምና። ይሄ አፈሩ ላይ የተለጠፈው ደግሞ ያኔ ቀብረነው፣ ጠርገን ከሄድን በኋላ መጀመሪያ የረገፈው ነው። ወላሂ፣ አንዱም አልበሰበሰም።»

እውነቷን ነው። ምስጥ የለ፣ ትል የለ፤ ዝናብ ሲመታ ብቅ ብቅ ይል የነበረው እንጉዳይም ከጠፋ ቆይቷል።

ኢስማዒል ከረጢቱን መሬት ላይ ያስቀምጣል።

«ማርም ሲበዛ ይመራል፣ መሪያም። መጋዘን የመጣ ባለሙያ ጠይቄ ነበር። ዩሪያ ሲበዛ ቅጠል የሚያበሰብሱትን ይገድላቸዋል አለኝ። ቅጠሉ ካልበሰበሰ ደግሞ ዛፉ ምን ይመገባል? መሬቱ መብላት ትቷል አለ።»

«መቼ ነው የጠየቅከው?»

«ከረመዳን በፊት።»

«ታዲያ ለምን ታመጣልኛለህ?»

«አቦ፣ ምን ላድርግ? ፊትሽ የሚፈታው እዚህ ስትመጪ ብቻ ነው።»

ትቆጣኛለች ብሎ ይጠብቃል። እሷ ግን እጇ ቅጠሉ ላይ ቀርቷል።

«መሬቱ መብላት ትቷል አልክ?»

«እንደዚያ ነው ያለኝ።»

«ኸባብስ?»

«አዑዙ ቢላህ! ተነሺ፣ ወደ ቤታችን እንሂድ» ይላል። እሱንም ያ ሐሳብ ይዞታል፤ ትንሿ ፊት፣ ትንንሾቹ ጣቶች፣ ልክ በከፈኑ ውስጥ እንዳስተኟቸው፣ ሳይለወጡ። ፈርቷል፤ በጣም ፈርቷል። ክንዷን ይዞ ሊያስነሳት ይሞክራል።

መሪያም ክንዷን ታስለቅቃለች። ቅጠሉን ወዲያና ወዲህ ገፍታ ጉንጯን ባዶው አፈር ላይ ታስጠጋለች። ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ታዳምጣለች።

«ኸባብዬ» ትላለች፣ በሹክሹክታ። «እስካሁን እንቅልፍ አልወሰደህም እንዴ?»