ስኳር የሌለበት ቤት

የረቂቅ አባት የሞቱት ስኳራቸው ወርዶ ነው። ኢንሱሊናቸውን ተወግተው ምሳ ሳይቀምሱ ቆዩ።

«አንድ ማንኪያ ስኳር ቢልስ ይተርፍ ነበር አለን ሐኪሙ። ወንድሜ እኮ ስኳር ከአጠገቡ አያጣም ነበር፤ ያን ቀን ምን ነካው!» አሉ አክስቷ፣ ለቅሶ የመጣችውን የረቂቅን መምህርት በረንዳ ላይ ተቀብለው።

መምህርቷ ልጅቷ ብቻዋን ወደተቀመጠችበት ጓዳ ገባች። የምታጽናናበት ቃል ስትፈልግ ረቂቅ ቀደመቻት።

«ቲቸር፣ ስኳር ሱስ ያስይዛል፣ ይገድላል የሚለው ያሳየሽን ፊልም ልክ ነው። ፊልሙን ያየን ቀን የቤቱን ስኳር በሙሉ ሽንት ቤት ደፋሁት። አባዬ ግን ወድቆ እየተንቀጠቀጠ እንኳ ‹ስኳር፣ ስኳር› ይለኝ ነበር፤ ሱስ ሆኖበት!» አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ምናለ ቀደም ብለሽ አሳይተሽን ቢሆን? አተርፈው ነበር።»

መምህርቷ ግንባሯን ሳመቻት፤ ከዚያ ወጣችና ሌላ ሰው እንዳይሰማ በሩን ገጥማ ዘጋችው።