መሬት ውስጥ የገባው መሰላል

የኢንተርን ቁልፍ እንደገና እጫናለሁ። ስክሪኑ ያንኑ ይመልስልኛል፦ ኔጌቲቭ 1.83።

ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ነው። ስድስት ሜትር መሰላል ግድግዳ ላይ ተደግፏል፤ ከመሬት ጋር የሠራው ማዕዘን ስድሳ ዲግሪ ነው፤ ጫፉ ስንት ሜትር ላይ እንደሚያርፍ የሚያሰላ ፕሮግራም ጻፉ። ርዝመቱን በማዕዘኑ ሳይን ማባዛት፣ በቃ። ጽፌዋለሁ። ኮምፒውተሩ ግን መሰላሉን ገልብጦ መሬት ውስጥ ይቀብረዋል።

መሰላል ለእኔ እንግዳ አይደለም። አባቴ ቀለም ቀቢ ነው። ልጅ ሳለሁ እሱ ከላይ ሆኖ ሲሠራ የመሰላሉን እግር የምይዘው እኔ ነበርኩ። አምና ከመሰላሉ ወድቆ ወገቡን ከተጎዳ ወዲህ ከአልጋ አልተነሳም። ይሄ ደግሞ የድጋሚ ፈተና ነው፤ ዛሬ ከወደቅኩ ከሳይንስ ክፍል ተሰናብቼ ያንን መሰላል እሸከማለሁ። ጠዋት ስወጣ ታላቅ ወንድሜ፣ "ሕልመኛው፣ አይዞህ፣ ብሩሹን አጥቤ አስቀምጬልሃለሁ" ብሎ ሳቀብኝ። አባቴ አልሳቀም። "አንተ እንኳ መሬት ላይ ሆነህ ሥራ፣ ልጄ" ነው ያለኝ።

እስክሪብቶዬን አዘንብዬ ስክሪኑ ላይ አስደግፈዋለሁ። የስድስት ሜትር መሰላል ጫፍ እንዲህ ሲቆም አምስት ሜትርን ያልፋል። በዓይኔ አውቀዋለሁ።

"አንተ፣ ላብህ ኪቦርዱን ሊያበላሸው ነው እኮ" ይለኛል ከጎኔ ያለው ልጅ በሹክሹክታ። ባትሪው ሁሌ ስለሚያልቅበት ቻርጀር ነው የምንለው።

"ኔጌቲቭ ወጣብኝ።"

"ታዲያ ምልክቷን አጥፍተህ ላካታ! ማን ያይሃል?"

አጠፋታለሁ። 1.83። እዚህማ አባቴ ያለ መሰላል እጁን ቢዘረጋ ይደርሳል። ምልክቷን እመልሳታለሁ።

ሁሉንም ሰርዤ ከሀ እጀምራለሁ። ያው ነው። የሠላሳን ሳይን እጠይቀዋለሁ፤ ግማሽ መሆኑን እንኳን እኔ ወንበሩም ያውቃል። ኔጌቲቭ 0.99 ይለኛል። እጄን አወጣለሁ።

"ቲቸር፣ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል።"

ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። "ምን ጊዜም ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው!" ይላል አንዱ ከኋላ።

መምህራችን መጥተው ጎንበስ ብለው ያያሉ። ዓይናቸው እስክሪብቶው ላይ ትንሽ ይቆያል።

"ኮምፒውተሩ ደህና ነው። ስድሳ ብለህ ሰጠኸው። ስድሳ ምን?" ብለውኝ ይሄዳሉ።

ስድሳ ምን? ስድሳ ዲግሪ ነዋ! ሌላ ምን ሊሆን...

ጣቶቼ ኪቦርዱ ላይ ደርቀው ይቀራሉ። ይሄ ማሽን ማዕዘንን በዲግሪ አይለካም፤ የሱ መለኪያ ራዲያን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ተነግሮናል፤ እኔ በመስኮት ደመና ሳይ ነበር። ስድሳ ራዲያን ስለው እንደታዘዘው መሰላሉን ይዞ ዞረ፣ ዞረ፣ እና መሬት ውስጥ ገባ። ማዕዘኑን በፓይ አባዝቶ ለመቶ ሰማንያ ማካፈል ብቻ ነበር።

"ሰዓት አልቋል! እጃችሁን አንሱ!"

እጽፋለሁ። ቅንፉን እረሳለሁ፤ ስህተት ይለኛል። ቅንፉን እዘጋለሁ። "አንተ! እጅህን!" ኢንተር። አምስት፣ ነጥብ፣ ከኋላዋ ሌሎች ቁጥሮች። "ላክ" የሚለውን ስጫን፣ በዚያው ቅጽበት፣ የክፍሉ ስክሪኖች ሁሉ አንድ ላይ ይጠቁራሉ።

ይድረስ፣ አይድረስ፣ አላውቅም።

"ና እንጂ፣ አለቀ" ይለኛል ቻርጀር ትከሻዬን መታ አድርጎ። ወንበሮች ይንኳኳሉ። ሰው ሁሉ ይወጣል።

እኔ አልተነሳሁም። እስክሪብቶው የጠቆረው ስክሪን ላይ እንደተደገፈ ነው። እንዳይንሸራተት፣ እግሩን በጣቴ ይዤዋለሁ።