የጓንጉል ጉልበት

ሶስና ሐሙስ ሐሙስ ከሰቆጣ በባጃጅ ትነሳና መንገዱ ሲያልቅ ወርዳ አርባ ደቂቃ በእግሯ ትወጣለች። ሥራዋ መንቀሳቀስ ያቃታቸውን አዛውንቶች በየቤታቸው እየዞሩ የሰውነት እንቅስቃሴ ማሠራት ነው። ከዐሥራ ሁለት ሰው በላይ መያዝ አትችልም። ተራ የሚጠብቁት ሃያ ናቸው።

ዐሥራ ሁለተኛው ሰው አባባ ጓንጉል ነበሩ። የሰባ ሦስት ዓመት ሰው ናቸው። በበቅሎ ከተማ ድረስ ወርደው፣ «ጉልበቴ ከዳኝ፤ ዳግመኛ እዚህ አልመጣም፤ ከቻላችሁ ቤቴ ኑ» አሉ። ራጁ ይህ ነው የሚባል ነገር አላሳየም። ዕድሜ ነው ተባለና ስማቸው ተመዘገበ።

ሶስና መጀመሪያ የሄደች ቀን ጓንጉል አልጋ ላይ ተጋድመው፣ ባለቤታቸው እማማ ይታየሽ መደቡ ላይ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ አገኘቻቸው። ሴትዮዋ ከተቀመጡበት ሆነው፣ «ግቢ ልጄ» አሉ።

«እማማ፣ እርስዎስ ደህና ነዎት?»

«እኔን ተይኝ። እኔን ሐኪም አይነካኝም። የታመመው ያ የተጋደመው ነው።»

ሶስና እንዲህ ያሉ ሚስቶች አይታለች፤ ባል ሲታመም ቤቱን እንደ ሻለቃ የሚያዙ። በርጩማ አምጥታ እግር እንዴት ከፍ እንደሚደረግ፣ እንዴት ሳይደገፉ ከመቀመጫ እንደሚነሱ ለጓንጉል አሳየች።

ጓንጉል ፍየል ያናገረቻቸው ይመስል ትክ ብለው አዩዋት።

«አማርኛሽ ፈጠነብኝ፣ ልጄ። ለይታየሽ ንገሪያትና እሷ ታሳየኝ። የሷ ይገባኛል።»

ይታየሽ ምስሩን ወደ ጎን አደረጉት። በኽምጣና አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሶስና ቋንቋውን ባትችልም ስድብ መሆኑን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። ከዚያ ከመደቡ ሳይወርዱ እግራቸውን ከፍ አደረጉ።

«ይኸው! ይህ ምን ይከብዳል? አንተ ደንቆሮ!»

«አንዴ ድገሚው» አሉ ጓንጉል። «አላየሁትም።»

በየሳምንቱ እንዲያው ሆነ። ጓንጉል ሦስቴ ሠርተው «ደከመኝ» ይላሉ። ይታየሽ በንዴት ዐሥር ይሞላሉ። ግድግዳ ተደግፎ በእግር ጣት መነሳት በተጀመረ ጊዜም ያው ነበር፤ ሽማግሌው ሁለቴ ተነስተው አልጋቸው ላይ ዘፍ ሲሉ፣ ሚስት ላብ ግንባራቸውን እስኪያጠምቀው ግድግዳውን ይዘው፣ «ወንድ ነኝ ይላል ደግሞ!» እያሉ ቀጠሉ። ሶስና የምታየው የጓንጉልን ጉልበት ነው። መዝገቧ ላይ «ለውጥ የለም» ብላ ጻፈች። በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ።

በስድስተኛው ሳምንት የጓንጉልን ባት ጨበጥ አደረገችው። ድንጋይ ነው። በዱላ እየተጎተተ ፀሐይ ለመሞቅ ብቻ ደጅ የሚወጣ ሰው እንዲህ ያለ ባት የለውም። አልጋው ሥር ያለው ጫማቸው ደግሞ ጭቃ ነክሷል። ጓዳ ያሉት ጄሪካኖች ሙሉ ናቸው።

«ውሃ ማን ይቀዳል?» አለች።

«ጎረቤት» አሉ ይታየሽ። «እሱን ብንጠብቅ ጥም ይገድለን ነበር።»

ጓንጉል ጣራውን ተመለከቱ።

ያን ቀን ሶስና እስከ ከተማ ሲያንገበግባት ወረደች። ሽማግሌው ታመምኩ ብለው መጦር ለምደዋል፤ ምስኪኗ ሚስት ታገለግላለች፤ ወደ ደሃና በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ አንዲት አሮጊት በቂጣቸው እየተንፏቀቁ ተራ ይጠብቃሉ።

በዐሥረኛው ሐሙስ ባጃጅ ቶሎ አገኘችና አንድ ሰዓት ቀድማ ደረሰች። ከቤቱ በታች ካለው ወይራ ላይ የጓንጉል ዱላ ተሰቅሏል። ከወንዙ ሽቅብ አህያ ሁለት ጄሪካን ተጭና ትወጣለች። ከኋላዋ ጓንጉል እያፏጩ ይከተላሉ።

አዩዋት። ፉጨቱ ቆመ።

«ዛሬ ማልደሻል፣ ልጄ።»

«ጉልበትዎስ?»

ጓንጉል ጉልበታቸውን ዳበስ አደረጉ። «ዳገት ሲሆን ይሻለዋል።»

«አባባ፣ የሰው ተራ ነው የያዙት! ቆመው መሄድ የማይችሉ ሰዎች እየጠበቁኝ ነው።»

«አውቃለሁ። ኃጢአት ነው፤ ለንስሐ አባቴም ተናግሬዋለሁ። ሁለት ሐሙስ ብቻ ጨምሪልኝ።»

«ምን ሊያደርግልዎት?»

«ለይታየሽ አትንገሪያት እንጂ ሌላውን እንዳሻሽ። እሷ ካወቀች ሁሉም ነገር አበቃ።»

«የሚያበቃውማ ተኝቶ መጦር ነው!»

ፊቷን አዙራ ወደ ቤቱ ገሰገሰች። ጓንጉል አህያይቱን ጥለው፣ «ልጄ! በማርያም! ቆይ!» እያሉ ተከተሏት። በሰባ ሦስት ዓመታቸው ሊደርሱባት ምንም አልቀራቸውም፤ ይህም ይበልጥ አናደዳት። ግቢው መሀል ቆማ ተጣራች።

«እማማ ይታየሽ! ይውጡ! የባልዎን ጉድ በዓይንዎ ይዩ!»

ቤቱ ውስጥ ኮሽታ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ ይታየሽ በሩ ላይ ብቅ አሉ። መቃኑን ይዘው ነበር፤ ለቀቁት። ደፉን ተሻገሩ፣ አንድ ሁለት ብለው ግቢው መሀል ድረስ መጡና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

«ምንድነው ጩኸቱ? አንተስ ዱላህን የት ጥለህ ነው የምትንጎማለለው? ልትወድቅ ነው?»

ጓንጉል ወዲያው ማነከስ ጀመሩ። ሶስና ልትናገር አፏን ስትከፍት ሽማግሌው ትከሻዋን የሚደገፉ መስለው ተጠጓትና በጆሮዋ አንሾካሾኩ፤

«ይህችን ደጅ በእግሯ ስትረግጥ ከአራት ዓመት ወዲህ ዛሬ ገና ነው።»