ከሁሉ የሠለጠነው ሱቅ

ቦርሳ ለሚሸጥበት ኦንላይን ሱቁ ፕላትፎርም ሲያማርጥ አምስት ወር ፈጀበት፤ ሚስቱን እንኳ የመረጣት በሁለት ሳምንት ነበር። አንደኛውን፣ ደንበኛው አድራሻውን እንዳሻው የሚጽፍበት ስለሆነ፣ «ይሄማ የገጠር ገበያ ነው» ብሎ ናቀው። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ለይቶ የሚጠይቀውን፣ የሠለጠነውን ወሰደ።

በከፈተ በወሩ አራት መቶ ሰው ገብቶ አየለት፤ አንድም ሰው ቦርሳ አልገዛም።

«ሕዝባችን ገና ነው» አለ፣ እንደ ምሁር ራሱን እየነቀነቀ።

«እስቲ አንተው ግዛና አሳየኝ» አለችው ሚስቱ።

ቦርሳ መረጠ፤ ስሙን ጻፈ። የቤት ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ግን ጠፋበት። መታወቂያውን አውጥቶ ቀበሌ በቤት ቁጥር ቦታ የጻፈለትን ገለበጠ፦ «አዲስ»።

ስክሪኑ ቀላ። «እባክዎ ትክክለኛ ቁጥር ያስገቡ።»

«ሕዝባችን ገና ነው» አለ፣ በጣቱ ደረቱን እየነካ።